አንድ ዓርማ፣ መቶ ቤተሰብ

በእንግሊዝ ዓርማ፣ ማለትም በጋሻ ላይ የሚሳለው የመኳንንት ምልክት፣ የአንድ ሰውና የወራሾቹ ንብረት ነው። በፖላንድ ግን ዓርማው ራሱ የራሱ ስም አለው፤ በዚያ ስም ሥር በሥጋ የማይዛመዱ፣ እንዲያውም የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ይሰለፋሉ። የፖላንድን ታሪክ እንድወድ ያደረገኝ ይኸው ነገር ነው።

ከሁሉም ዓይኔን የሚስበው ሌሊቫ የተባለው ዓርማ ነው። መደቡ ሰማያዊ ነው፤ ቀንዶቿን ወደ ላይ ያቀናች የወርቅ ጨረቃ አለች፤ በላይዋ የወርቅ ኮከብ። ከጋሻው በላይ በሚሳለው የራስ ቁር ላይ የጣዎስ ላባ ተዘርግቷል፤ በላባው ላይም ያችው ጨረቃና ያው ኮከብ እንደገና ይታያሉ። የታርኖቭስኪዎች፣ የአንድ የፖላንድ መኳንንት ቤተሰብ፣ ዓርማ ነበር፤ የታርኑፍ ከተማም ዛሬ ድረስ ይዛዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1413 በቡግ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሆሮድዎ፣ 47 የፖላንድ መኳንንት ቤቶች የሊቱዌኒያን መኳንንት በየዓርማቸው ሥር ተቀበሉ። የቪልኒየሱ ገዥ ሞኒቪድ ሌሊቫን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ዕድሉ ግን ለካቶሊኮች ብቻ ነበር፤ ኦርቶዶክሶቹ እስከ 1434 ድረስ በር ላይ ቆሙ። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንሁ ይሆናል፣ ይህቺ ነገር ትከነክነኛለች።

እ.ኤ.አ. የ1921ዱ የፖላንድ ሕገ መንግሥት የመኳንንት ማዕረግንም ዓርማንም ዕውቅና ነፈገ። ነጋዴው ግን አልሰማም፤ የአባት ስም ነግረኸው ዓርማ የታተመበት ኩባያ ይሸጥልሃል። ያንኑ ስም ገበሬውም ይጠራበት እንደነበር አይነግርህም።