የዳማ 8 ሳምንት

ውሻችን ዳማ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሳታክክ አደረች። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቄያለሁ።

የምንኖረው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ነው። ዳማ 4 ዓመቷ ነው። መዳፏን ስትልስ፣ ብብቷንና ሆዷን ስታክክ ነበር የሚነጋው። ጆሮዋም ይሸታል። መርፌ ስትወጋ ሁለት ሳምንት ታርፋለች፣ ከዚያ ያው ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባት ያሉኝም ነበሩ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ውሻ ገላውን ይልሳል፤ ዘይቱ ይመርዘዋል፣ ቆዳውንም ይጎዳዋል።

አሁን የያዘቻት ሐኪም የምግብ አለርጂ ጠረጠረች፤ ምግቧን ከመንካታችን በፊት ግን ሌላውን የማሳከክ ምክንያት አጣራች። ቆዳዋን ፍቃ በማይክሮስኮፕ አየች፤ የእከክ ተባይ አላገኘችም። የቁንጫ መድኃኒት ሰጠቻት። ቆዳዋና ጆሮዋ ላይ የነበረውን ፈንገስ አከመች። ይህ ሳይሆን ምግብ ብትቀይሩ የትኛው እንደረዳት አታውቁም። የደም ምርመራ ይሻላል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ለምግብ አለርጂ አያስተማምንም አለችኝ። ያለው መንገድ በልታው የማታውቀውን ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት መስጠት፣ ከዚያ የድሮውን መልሶ መሞከር ነው።

ዳማ ያደገችው በበሬ አጥንትና በወጥ ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ ቆሮሶ ዓሣና ድንች መረጥን። ዓሣውን ቀቅዬ እሾሁን አንድ በአንድ በጣቴ እለቅማለሁ። ጨው፣ ቅመም፣ ዘይት የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትማ ለማንኛውም ውሻ መርዝ ናቸው፤ የሽሮ ትራፊ ስንደፋላቸው የምንረሳው ይህን ነው።

ጊዜውን ሆን ብዬ ከሁዳዴ ጋር አገጣጠምኩት። 55 ቀን ለ8 ሳምንት የሚጎድለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ስጋ የለም፣ ከስጋ ቤትም አጥንት አይመጣም።

ማታ ማታ ማከኳን ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጠሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስንጀምር 8 ነበረች። በ3ኛው ሳምንት 7፤ ተስፋ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም። በ4ኛው 5 ገባች። በ5ኛው እንደገና 7! ሳጣራ ጥበቃችን ጋሼ የማይጾም ጎረቤት የሰጣቸውን አጥንት ሲያካፍሏት ሰንብተዋል። «ድንች ብቻ እየበላች ብታሳዝነኝ ነው» አሉ። ልቆጣቸው አልቻልኩም። ቁጭ ብለን ደብተሩን አሳየኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የተቀቀለ ዓሣ በጣሳ እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸው በእጃቸው ያጎርሷታል። ከሁሉም የጠቀመን ይህ ይመስለኛል። ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ የሚያበላው አንድ ሰው አይደለም። ልጆቹም፣ እንግዳውም፣ ጥበቃውም መስማማት አለባቸው።

በሳምንት ሁለቴ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል መድኃኒት) ባለው ሻምፖ አጥባታለሁ። አረፋው 10 ደቂቃ ገላዋ ላይ መቆየት አለበት፤ ወዲያው ካለቀለቃችሁት አይሠራም። የእኛ ሰፈር ብርድ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስር ነው የማጥባት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንድ ጀሪካን ለእሷ ተለይቶ ይቀመጣል። በጣቶቿ መካከል ያለውን እርጥበት በፎጣ ማድረቅ አትርሱ።

ፋሲካ ሲደርስ ነጥቧ 2 ነበር። በማግስቱ የተቀቀለ የበሬ ስጋ ብቻ ጨመርኩላት። ደስታዋን ስታዩ አንጀት ትበላለች። በ3ኛው ቀን ማታ መዳፏን መላስ ጀመረች፣ በ4ኛው 7 ደረሰች። ወዲያው አቆምኩ። ወደ ዓሣው ከተመለስን በ10ኛው ቀን ነው ትናንት ሌሊት እንዲያ የተኛችው። የበሬ ስጋ መሆኑን አሁን አልጠራጠርም።

ዓሣና ድንች ብቻውን ለዘለቄታው አይሆንም፤ ካልሲየም ይጎድለዋል። ሐኪሟ የሚጨመረውን እያሰላችልን ነው። ከሰኞ ጀምሮ እንቁላል ለ2 ሳምንት እንሞክራለን፣ ቀጥሎ ወተት። ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ደብተሩን እሳቸው ሊይዙ ተስማምተናል።