በ900 ዶላር አልሞ የሚመታ ጠመንጃ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከዴንቨር ደወለልኝ። ዘንድሮ አጋዘን ማደን ሊጀምር ነው። ያለው ብር 900 ዶላር ሲሆን 800ውን ጠመንጃው ላይ ሊያፈሰው አስቧል። ተው አልኩት።

እኛ ጠመንጃን በስሙ እያወቅን ነው ያደግነው። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ዲሞትፈር። ስም ያለው ይመታል፣ ስም የሌለው ይስታል ይመስለናል። ዛሬ ግን አፈሙዝ የሚሠራበት መንገድ በጣም ስለተሻሻለ ከ400 እስከ 600 ዶላር የሚሸጡት ሩገር አሜሪካንና ሳቬጅ አክሲስ እንኳ የሚስማማቸውን ጥይት ካገኙ በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር፣ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ይመታሉ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ቲካ የሚባለው ጠመንጃ ምላጩ ለስላሳ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን 900 ዶላር ላለው ሰው ጠመንጃው ላይ የሚታሰር የማነጣጠሪያ መነጽር የሚገዛበት አያስተርፍለትም።

ዋናው ነገር መነጽሩ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት 60 ዶላር መነጽር ገዛሁ። አስር ጥይት ያህል በደንብ መታሁ፣ ከዚያ ምቱ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። አስተካከልኩት፣ ወደ ላይ ሄደ። ጠመንጃውን ወለወልኩ፣ ጥይት ቀየርኩ፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተናደድኩ። ለካ መነጽሩ ጠመንጃው በረገጠ ቁጥር ከቦታው ይንሸራተታል! የጓደኛዬን መነጽር ሳስርበት ያው ጠመንጃ ሌላ ጠመንጃ ሆነ። ስለዚህ ለመነጽሩና ለማሰሪያው ቢያንስ 250 ዶላር ያዙ።

ስትገዙ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ቀጭን ወረቀት በአፈሙዙና ከስሩ ባለው ፕላስቲክ መካከል አስገቡና ወደ ኋላ ሳቡት። ሳይነካ ካለፈ ጥሩ ነው። ከያዘ ፕላስቲኩ አፈሙዙን እየገፋው ነው፣ ሲግል ምቱ ይቀየራል። ብሎኖቹንም ፈትሹ፣ የላላ ብሎን ብዙ ጥሩ ጠመንጃ በከንቱ አሽጧል።

የጥይቱን ዓይነት በተመለከተ .308 ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ የትም ታገኙታላችሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣው 6.5 ክሪድሞር ግን ትከሻ ላይ ይቀላል። ለጀማሪ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የጠመንጃውን ርግጫ የፈራ ሰው ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያኔ የትኛውም ጠመንጃ አያድነውም። ሦስት አራት ዓይነት ጥይት ሞክሩ፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚስማማው አለው። ደግሞ በሦስት ጥይት አትፍረዱ። ሦስቱ በአጋጣሚ አንድ ላይ ሊገቡ ይችላሉ። አስር ተኩሱ፣ እውነቱ እዚያ ላይ ይታያል።

የቀረውን ብር ለልምምድ። በኮሎራዶ ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአደን ትምህርት ጨርሶ ካርድ መያዝ ስላለበት እሱንም ቀድሞ መመዝገብ ይሻላል።

ትናንት የኢላማውን ፎቶ ላከልኝ። 500 ዶላር የማይሞላ ጠመንጃ፣ ደህና መነጽር፣ አስር ጥይት በ100 ያርድ። ቀዳዳዎቹ ላይ የቡና ሲኒ አስቀምጦባቸዋል፣ ዘጠኙ ከሲኒው ቂጥ ስር ተሸፍነዋል። አስረኛው ጠርዙ ላይ ነው። እሱን ስተኩስ ተጣድፌ ነበር አለኝ።