ባለቤቴ ፓርላማ ስትገባ ትዳራችንን እንዴት ያዝነው

ባለቤቴ ለምርጫ ልወዳደር ነው ስትለኝ ሰፌድ ይዛ ገብስ እያበጠረች ነበር። ካሸነፈች ኑሮዋ አዲስ አበባ ነው። እኔና ልጆቹ መንዝ እንቀራለን። «ታሸንፊያለሽ» አልኳት። ከልቤ ነበር። አምስት ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም ግን አላወቅኩም።

አሸነፈች። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና እስከ ሰኔ 30 ይሠራል። በመሐል የአንድ ወር እረፍት አለው። የቤታችን ቀን መቁጠሪያ ይሄ ሆነ። ልጆቹ ከእንቁጣጣሽ ይልቅ ሰኔ 30ን መጠበቅ ጀመሩ።

ከመሄዷ ይልቅ የከበደኝ መምጣቷ ነው። እረፍቱ ለእኛ መስሎኝ ነበር። ለካ የመረጣት ሕዝብም የሚያገኛት ያኔ ነው። ገና ሳይነጋ ደጃችን በሰው ይሞላል። አንዱ የመንገድ፣ አንዱ የውሃ፣ አንዷ የልጇን ሥራ ማጣት ይዛ ትመጣለች። ቡና አፈላለሁ፣ ቆሎ አቀርባለሁ። ማታ ብቻችንን ስንቀር ባናዋን እንደተከናነበች እንቅልፍ ይጥላታል። «ሚስትህን ለመንግሥት ዳርካት» ያለኝ ጓደኛ አለ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ነገሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት ትንሿ ልጃችን የሳምባ ምች ያዛት። አራት ሌሊት ጤና ጣቢያ አጠገቧ አደርኩ። እናቷ ስትደውል «ሰላም ነን፣ ተኝታለች» እላለሁ። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ልጅቷ ከዳነች በኋላ ጎረቤት ነገረቻት። ደወለች። ብዙ ዝም አለች። «እኔ እኮ ለቤቴ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው» አለች። ምነው በተቆጣችኝ አልኩ።

በዚያው ሳምንት መጣች። ሽማግሌ አልጠራንም። ልጆቹ ሲተኙ ምድጃው ዳር ተቀመጥን። ብቸኝነቴን ነገርኳት፤ ቅናቴንም ጭምር። እሷም ለሹመት ታጭታ እንደነበር፣ እኔን ላለማስከፋት ደብቃ እምቢ ማለቷን ነገረችኝ። እሷ ለእኔ ብላ፣ እኔ ለእሷ ብዬ ስንደባበቅ ኖረናል።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር መድኃኔዓለም ቆርበው መጋባታቸውን፣ በኋላም ወደ ዐድዋ አብረው መዝመታቸውን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሩቅ ካለች ሚስት ጋር አብሮ መዝመት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ማታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ 3 ሰዓት እንደዋወላለን። መጀመሪያ የምናወራው የከበደንን ነው። ሹመትም ሆነ በሽታ ከማንም በፊት እቤት ይሰማል። ባለጉዳይ የመጣበትን ደጅ መዝጋት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም አልወደድኩትም። ስለዚህ እረፍት ላይ ስትሆን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛው ከቤት እንወጣለን። ልጆቹን ይዘን ጓሳ ሳሩ መሐል ቁጭ ብለን ጭላዳ ስናይ እንውላለን። እዚያ ስልክ አይነሳም።

አምስቱ ዓመት እያለቀ ነው። ባለፈው ሳምንት እንደገና ለመወዳደር እያሰበች መሆኑን ነገረችኝ። ከእኔ በፊት የሰማ ሰው የለም። አሁንም ገብስ እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን ተቀበልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት።