ተርኪ መስሎኝ የሄድኩበት ድምፅ

ቨርጂኒያ ብሉ ሪጅ ተራራ ግርጌ እርሻው ላይ የጸደይ አዳኞችን የሚያስተናግድ አንድ ሽማግሌ ጋር ሦስት ሲዝን በረዳትነት ሠርቻለሁ፣ በሳምንቱ አሌክሳንድሪያ ታክሲ እነዳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እዛ ነኝ። መጀመሪያ ሥራዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ቡና ማፍላት፣ እንግዶቹን መቀስቀስና ጫካ ድረስ ማድረስ ነበር፣ በኋላ አጠራሩንም አስተማረኝ።

የዱር ተርኪን፣ የዶሮ ዘመድ የሆነውን ትልቅ ወፍ፣ በጸደይ ማደን ማለት ወንዱን በሴቷ ድምፅ መጥራት ነው። የሚፈቀደው ጢም ያለው ብቻ ነው፣ ጢም የምለው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ የፈረስ ጭራ የሚመስለውን ነው። ችግሩ ምንድነው፣ በተፈጥሮው ወንዱ ቆሞ ጭራውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ክንፉን መሬት እያስጎተተ ይፎክራል፣ ሴቷ ናት ወደሱ የምትሄደው፣ እኛ ደግሞ አንተ ና እያልነው ነው። ስለዚህ ብዙ ከጠራኸው እየመጣች ነው ብሎ እዛው ቆሞ ይጠብቃታል። ትንሽ ጠርተህ ዝም ስትል ነው የት ሄደች ብሎ የሚነሳው። መጥሪያው ክብ ሰሌዳ ነው፣ ቀጭኗን እንጨት እንደ እስክሪብቶ ይዘህ ሳታነሳት ትንንሽ ክብ ትስልበታለህ፣ እኔ ይቺን ለመልመድ አንድ ክረምት ሙሉ መኪና ውስጥ ስፈትግ ነው የከረምኩት። ወፉ ማሽተት ላይ እምብዛም ነው፣ ዓይኑ ግን ከኛ አገር ቆቅ ይብሳል፣ ጣትህን ካንቀሳቀስክ አለቀ።

ያን ቀን ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ዋዜማውን አመሻሽ ላይ እንደ ጉጉት ስጮህ አንዱ ከማደሪያ ዛፉ ላይ ስለመለሰልኝ ቦታውን አውቄዋለሁ። ሳይነጋ እንግዳውን ከዛፉ መቶ ያርድ ገደማ ላይ ከትከሻው የሚሰፋ ግንድ አስደግፌ አስቀመጥኩት። ወፉ ዛፍ ላይ እያለ ሁለቴ መለሰልኝ፣ ከወረደ በኋላ ግን ከሴቶቹ ጋር ሆነና ጭጭ አለ። ሦስት ሰዓት ሲሆን እንግዳው መቁነጥነጥ ጀመረ፣ ልክ ያኔ ከጉብታው ማዶ ሴት ተርኪ ስትጠራ ሰማን፣ ከኋላዋ ወንዱ ጮኸ። እኔም ጠጋ እንበል አልኩ። ዲኮዩን፣ ጎረምሳ ወንድ የሚመስለውን አሻንጉሊት፣ ከመሬት ነቅዬ ብብቴ ስር አደረግኩትና ጎንበስ ብለን ሄድን።

ጉብታው ላይ ስንደርስ አንድ ሰው በኃይል “ቁም! ሰው ነኝ!” አለ።

ዛፍ ተደግፎ የተቀመጠ የጎረቤት እርሻ አዳኝ ነው፣ ሴቷ ተርኪ እሱ ነበር፣ ሾትገኑ ጉልበቱ ላይ ወደኛ ዞሯል። በቅጠሉ መሃል የዲኮዩ ቀይና ነጭ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ አይቶ ሴፍቲውን፣ የመሣሪያውን መቆለፊያ፣ አንስቶ ነበር፣ ያልተኮሰው ጢሙ እስኪታየው ስለጠበቀ ብቻ ነው። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከ40 ያርድ በታች ነበርን፣ ማለትም ልክ መሣሪያው የሚገድልበት ርቀት ላይ፣ በዚህ ሲዝን ደግሞ ብርቱካናማ ልብስ ግዴታ ስላልሆነ ሁላችንም ቅጠል ነው የምንመስለው።

ማታ ለሽማግሌው ነገርኩት። አልተቆጣም። በነጋታው እዛው ቦታ ወስዶ ሰውየው የተቀመጠበት ዛፍ ስር አስቀመጠኝና ዲኮዩን እሱ ይዞ እኔ በመጣሁበት መንገድ ጎንበስ ብሎ መጣ። እኚያ ትልቅ ሰውዬ አይታዩም! ቀይ ጭንቅላት ብቻ ነው በቅጠሉ መሃል እየተወዛወዘ የሚመጣው፣ እኔ እሱ መሆኑን እያወቅኩ እንኳን ተርኪ ነው የታየኝ። ላብ አጠመቀኝ። ከዛ ብርቱካናማ ከረጢት ሰጠኝ፣ ከዛ ቀን ወዲህ ዲኮይ ያለሱ ተሸክሜ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ እንግዳ ይዤ እዛው የመጀመሪያው ዛፍ ስር ተቀመጥን፣ ወፉ አሁንም ወርዶ ዝም አለ። ማዶ ሴት ስትጠራ ሰማን፣ አልተነሳንም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሴቶቹ ወደ እንቁላላቸው ሲሄዱ መሰለኝ፣ ድምፅ ሳያሰማ በግራ በኩል ብቅ አለ፣ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ብቻ። እንግዳው አፈሙዙን ቀስ አድርጎ አዞረ።

“ጢሙ ታየህ?” አልኩት በሹክሹክታ።

“ገና ነው” አለኝና ጠበቀ።