የኤ ፊደል ሊቅ ሆኜ ጉንፋን ይዞኛል ማለት አቃተኝ

ከተወሰኑ አመታት በፊት የእንግሊዝኛ ቃላት ማጠኛ አንድ ወፍራም ደብተር ነበረኝ፣ በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ አማርኛው፣ በቀን 30 ቃል ብዬ ከዲክሽነሪ በተራ እየገለበጥኩ መሸምደድ ጀመርኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የኤ ፊደል ሊቅ ሆኜ ቀረሁ። አባንደን፣ አቦሊሽ፣ አብራፕት ምናምን በሉኝ፣ ቢ ላይ ስደርስ ግን ደከመኝና ሲን ሳላያት ደብተሩ ተዘጋ። ከዛ አንድ ቀን ከውጭ ሰው ጋር ማውራት ነበረብኝ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበርና "ዘ ኮልድ ካች ሚ" አልኩት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

የሚገርመው "ኮልድ"ንም "ካች"ንም ለየብቻ አውቃቸዋለሁ እኮ። እኛ ጋ ጉንፋን ነው ሰውን ሚይዘው፣ እነሱ ጋ ደሞ ሰውየው ነው ጉንፋኑን ሚይዘው። እና ያልገባኝ የቃሉ ትርጉም ሳይሆን ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ነበር፣ ኮሎኬሽን የሚሉት ነገር። "ሰራ"ን ብቻ ውሰዱ። የቤት ስራ ሰራሁ፣ ስህተት ሰራሁ፣ ቤት ሰራሁ፣ ማሽኑ አይሰራም፣ ለኛ ሁሉም አንድ ግስ ነው። እንግሊዝኛው ግን ለቤት ስራው ዱ፣ ለስህተቱ ሜክ፣ ለቤቱ ቢልድ፣ ለማሽኑ ወርክ ብሎ አራት ቦታ ይበትነዋል። ስለዚ "ሜክ ማለት ሰራ" ብሎ የፃፈ ሰው ግማሹን ተሸውዷል (እኔን ጨምሮ)። አሁን ቃል ብቻውን አልፅፍም፣ "ዲሲዥን" ሳይሆን "ሜክ ኤ ዲሲዥን"፣ "ሬይን" ሳይሆን "ሄቪ ሬይን" ብዬ ከነጓደኛው ነው ምይዘው።

ሁለተኛው ችግሬ መርሳት ነበር። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምረቶችን ራሱ ላይ እየሞከረ፣ የሸመደድነው ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰአታት እንደሚጠፋ፣ ከዛ በኋላ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ እንደሚሄድ በ1885 እ.ኤ.አ. ፅፏል። እኔ ደሞ የምከልሰው ሁለቱንም ረድፍ እያየሁ ስለነበር ሁሉንም የማውቀው ይመስለኝ ነበር፣ አይን ስላየው ብቻ። መሸፈን አለበት! አማርኛውን አይቶ እንግሊዝኛውን ከጭንቅላት ጎትቶ ማውጣት፣ ሲያቅት ትንሽ መታገል፣ ጠቃሚው እሱ ነው። ላይትነር የሚባል ሌላ ሰው ደሞ ካርድና ሳጥን ተጠቀመ፣ የመለስከው ካርድ ቆይቶ ወደሚታይ ሳጥን ያልፋል፣ የሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አንኪ የሚባለው አፕ ይሄንኑ ሀሳብ ነው በስልክ ሚሰራው። ብቻ በቀን ከ7 አዲስ ቃል በላይ አትጨምሩ ባይ ነኝ፣ በሳምንቱ ክለሳው ተከምሮ አፑን ራሱ ታጠፉታላችሁ፣ ደርሶብኛል።

የትኞቹን ቃላት? በፊደል ተራ እንዳይሆን አደራ። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. በብዛት ሚያስፈልጉ 2000 ገደማ ቃላት አሰባስቦ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የታደሱ ዝርዝሮችም አሉ፣ ለተማሪ የሚዘጋጁ ዲክሽነሪዎችም ዋና ዋናዎቹ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ዩኒቨርሲቲ ላሉት ደሞ ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የ570 የቃል ቤተሰቦች ዝርዝር አለ። የቃል ቤተሰብ ማለት ሄልፕ፣ ሄልፕፉል፣ ሄልፕለስ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ነው።

ንባብ ላይ ሰው ሚሳሳተው ከባድ መፅሀፍ መርጦ ነው። ያለ ዲክሽነሪ ተመችቶህ እንድታነብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ አለብህ ይላሉ ጉዳዩን ያጠኑት፣ ማለትም ከ50 አንድ እንግዳ ቃል። አንድ ገፅ ላይ ቁጠሩት፣ ከዛ በላይ ከሆነ ቀለል ያለ ፈልጉ፣ ለተማሪ በደረጃ የተፃፉ አጫጭር ታሪኮች አያሳፍሩም። ፊልምም ጥሩ ነው፣ ከስር የሚወጣው ፅሁፍ እንግሊዝኛ ከሆነ።

የቃል ስር ማወቅም ያግዛል፣ "ፖርት" መሸከም መሆኑን ካወቃችሁ ኤክስፖርት፣ ኢምፖርት፣ ትራንስፖርት፣ ፖርተብል ተያይዘው ይመጣሉ። ግን አትመኑት፣ "አንደርስታንድ"ን ፈታታችሁ ከስር መቆም ላይ ነው ምትደርሱት።

እስካሁን ሚያታግለኝ ግን እነ ጊቭ አፕ (መተው)፣ ፑት ኦፍ (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ)፣ ጌት ኦቨር (ከአንድ ነገር ማገገም) ናቸው። ቃላቱ የህፃን፣ ትርጉማቸው የሰይጣን። አንዴ በ"ጌት" የሚጀምሩትን በሙሉ በዝርዝር ይዤ ሁሉም ተምታቱብኝ፣ አሁን አንዱን ሰው ሲናገረው ስሰማ ብቻ ከነአረፍተ ነገሩ እይዘዋለሁ። ያ ስንቴ የፃፍኩት አባንደን እኮ፣ ሰው ሲያወራ ብዙ ጊዜ ጊቭ አፕ ሆኖ ነው ሚመጣው።