የበር ፓናል እምቢ ሲላችሁ አትጎትቱ

የሹፌሩ በር መስታወት አንድ ቀን እንደተዘጋ ቀረ። ማዘዣውን ስጫን ድምፅ እንኳ የለም። የሌሎቹ በሮች መስታወት ይሠራል፣ ፊውዙም ደህና ነው፣ ስለዚህ ችግሩ እዚያው በሩ ውስጥ ነው። ውስጡን ለማየት ደግሞ ፓናሉን፣ ማለትም በሩን ከውስጥ የሚሸፍነውን ፕላስቲክ፣ መንቀል ግድ ነው። ሥራውን ራሴ ጨረስኩት፣ መስታወቱም ዛሬ ይሠራል። ፓናሉ ላይ ግን የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አለ። የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ቀድሞ አንዲት ነገር ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር፣ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ዝግጅቱ ብዙ አያስቸግርም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ በአንዳንድ መኪኖች የጎን ግጭት የሚለይ የኤርባግ ሴንሰር በሩ ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ መስመር ነውና ግድ ካልሆነ አትንቀሉት። ቀጥሎ የጎን መመልከቻ መስተዋቱ (ስፖኪዮው) ጥግ ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ አወለቅኩ። የመስታወት ማዘዣውን አንስቼ ሶኬቱን ምላሱን ተጭኜ ነቀልኩ። ከበር መክፈቻው ኋላ አንድ ብሎን፣ ከእጅ መያዣው ሥር ሌላ ብሎን አገኘሁ፤ ሁለቱንም ፈታሁ። መስታወታችሁ በእጅ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ማዞሪያውን የያዘችው የፈረስ ኮቴ የምትመስል ትንሽ ሽቦ ናት። ከማዞሪያው ጀርባ ጨርቅ አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡት፣ ትወጣለች። ተፈናጥራ እንዳትጠፋ ሌላውን እጃችሁን ደገፍ አድርጉ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ያየሁት የቪዲዮ ማሳያ «ብሎኖቹን ፍታ፣ ከታች ጀምረህ በኃይል ሳብ» ነበር የሚለው። ሳብኩ። የታችኛው ጥግ «ጠቅ» ብሎ ለቀቀ። ቀጥሎ ያለውም «ጠቅ»። ደስ አለኝ። በጎን በኩልም ወደ ላይ እየተከታተሉ ለቀቁልኝ። መሀል ላይ ስደርስ ግን፣ ከእጅ ማሳረፊያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ፓናሉ ቆመ። ዙሪያው ሁሉ ተላቆ እየተወዛወዘ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ተጣብቆ ቀረ። እኔ ደግሞ አንድ የጠነከረ ክሊፕ (ፓናሉን ከላሜራው ቀዳዳ ጋር የሚይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ማያያዣ) ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገባሁ፣ ጠመዘዝኩ፣ በሌላው እጄ ሳብኩ። «ቀጭ» አለ።

ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። የክሊፕ ድምፅ አጭርና ክብ ነው፤ ይሄኛው ደረቅና ረጅም ነበር። ካቻቢቴውን አውጥቼ ሳየው ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ጠርዙም ካቻቢቴው ባረፈበት ላይ ተጨርምቷል፣ የበሩ ላሜራ ቀለምም ተፍቋል። ስንጥቁን በዓይኔ ስከተለው የሚነሳው ከአንዲት የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህል ክብ ክዳን ነው። ቀለሟ ከፓናሉ ጋር አንድ ነው፣ ገጿም እንደ ፓናሉ ሸካራ ነው፣ ስለዚህ ዓይን አይይዛትም። በጥፍሬ ሳነሳት ከሥሯ ሦስተኛው ብሎን ተቀምጧል። ሙሉ በሙሉ እንደታሰረ። ያን ሁሉ ጊዜ ከላሜራው ጋር በብሎን የተያዘ ፕላስቲክ ነበር የምጎትተው።

ያንን ማሳያ የሠራውን ሰው እስካሁን ይቅር አላልኩትም፤ የእሱ መኪና ሁለት ብሎን ስላለው የሁሉም መኪና ሁለት ነው ብሎ መናገር አልነበረበትም። በራሴ የምናደደው ግን ይበልጣል። ፓናሉ ነግሮኝ ነበርና። ክሊፕ ሲይዝ ስትስቡት ትንሽ ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ የመላቀቅ ነገር ያሳያል። ብሎን ሲይዝ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ፕላስቲኩ በዚያች ነጥብ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ያንን ጉድጓድ አይቼዋለሁ። አይቼ ነው ካቻቢቴ ያስገባሁት።

ስለዚህ ፓናሉ አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነው፣ ፈልጉት። ክዳኖችን በዓይን ሳይሆን በጣት ጫፍ ፈልጉ፤ ጣት ዳርቻቸውን ይለያል። የእጅ ማሳረፊያው ጎድጓዳ ውስጥ የተነጠፈች ጨርቅ ወይም ጎማ ካለች አንሷት። በበሩ ታች ያለችውን የመብራት ወይም የቀይ አንጸባራቂ ሽፋን አውልቁ። ካቻቢቴ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከላሜራና ከፕላስቲክ መሀል የሚገባው የፕላስቲክ ማንሻ ነው፣ እሱም ክሊፑ ያለበት ቦታ ድረስ ተጠግቶ እንጂ በሁለት ክሊፖች መሀል አይደለም። ብርድ ላይ አትሥሩ። የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ይሰበራል፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ትንሽ ይቁም።

ሦስተኛው ብሎን ከወጣ በኋላ ፓናሉ ያለ ምንም ትግል ለቀቀ። ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ከመስታወቱ ጠርዝ አላቀቅኩት፣ ከዚያ ግን ወደ ራሴ አልጎተትኩትም፤ ከጀርባው የመክፈቻው ኬብልና የስፒከሩ ሽቦ አሉ። አንድ ሰው ፓናሉን ደግፎ ቢይዝላችሁ ጥሩ ነው።

ከፓናሉ ሥር በጥቁር ማጣበቂያ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። አንድ መካኒክ «ጥቅም የለውም፣ ጣለው» ብሎኝ ነበር። አትስሙ። ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወርዶ በሩ ውስጥ መግባቱ ያለ ነው፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ያ ላስቲክ ከሌለ ግን ውኃው ወደ እግራችሁ ነው የሚመጣው። ማጣበቂያውን ሞቅ አድርጋችሁ በስለት ቀስ እያላችሁ ለዩት፣ አትቅደዱት።

የተበላሸው መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደው ትንሽ ሞተር ነበር። መቀየሩ ራሱ ቀላል ሆነ፤ መስታወቱ እንዳይወርድ ብቻ ቀድሜ በወፍራም ፕላስተር ከበሩ ፍሬም ጋር አሰርኩት። ፓናሉን ከመመለሴ በፊት ሶኬቶቹን ሁሉ ሰክቼ፣ ባትሪውን አስሬ፣ መስታወቱን፣ መቆለፊያውንና ስፒከሩን ሞከርኩ። ይህን አትዝለሉ።

ክሊፖችን በተመለከተ የመኪናው መመሪያ ሁሉንም በአዲስ ቀይሩ ይላል። እኔ አልቀየርኩም። እግሩ የነጣ ክሊፕ ይጣላል፤ ፕላስቲክ ሲነጣ ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው። ቀለሙን ያልለወጠ ግን ያገለግላል። ላሜራው ላይ የቀሩትን ነቅላችሁ መጀመሪያ ፓናሉ ላይ መልሷቸው፣ አለበለዚያ ቀዳዳና ክሊፕ አይገናኙም። ከላይ አንጠልጥሉት፣ እያንዳንዱ ክሊፕ ቀዳዳው ላይ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ በመዳፍ ምቱት።

ስንጥቁን ከጀርባ በሁለት ቱቦ በሚቀላቀለው ማጣበቂያና በቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ አጠናከርኩት። ይዟል። ፀሐይ ከጎን ስትመታው ግን መስመሩ ይታያል፣ ክንዴን በማሳርፍበት ቦታ አጠገብ ስለሆነ በየቀኑ አየዋለሁ።

በቅርቡ የኋላውን በር ስፒከር ስቀይር ፓናሉን ከመንካቴ በፊት ዙሪያውን ሁሉ በጣቴ ዳሰስኩት። አራት ብሎን አገኘሁ። አራተኛው ከበሩ መብራት ሽፋን ጀርባ ነበር።