አልጋው ይለያያል?

እኛ ቢሮ ዋናው ሥራ የአዲስ አበባ ቲኬት ነው። ከጎኑ ውክልና እናጽፋለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ ካርጎ እንቀበላለን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው ያለነው። ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ። አለቃዬ ነገሩን አያምንበትም። «ሀበሻ ባሕር የሚያቋርጠው ሲጨንቀው ነው እንጂ ሊዝናና አይደለም» ይላል። እውነት ስላለበት አልስቅለትም። ኮሚሽኑ ሲገባ ግን እሱም አይቃወም።

ነገሩ የሆነው በ2023 ነው፤ የባልቲሞሩ ድልድይ፣ ኪይ ብሪጅ፣ ከመውደቁ በፊት በነበረው ሰመር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ባልና ሚስት መጡ። 11 ዓመት በትዳር፣ 3 ልጆች። ልጆቹን እናቷ ጋ ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሊወጡ ነው። ባልየው ሁሉንም ራሱ ጀምሮት ነበር። ወረቀቱን አትሞ፣ በፕላስቲክ አቃፊ አድርጎ ነው ይዞ የመጣው። ከባልቲሞር ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ፣ 7 ሌሊት። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ደስ ይለኛል። የሚታረም ነገር አላጣበትም።

አላጣሁም። ፎርሙ ላይ የሚስቱን ስም ከራሱ አባት ስም ጋር አጋብቶታል።

«አገሩ እንደዚህ ነው ብዬ ነዋ» አለ።

«አገሩ ያድርግ። ፓስፖርቷስ ምን ይላል?»

እሱ ዜግነት ወስዷል። እሷ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ፓስፖርቷም የኢትዮጵያ ነው። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም። የእሱ አባት የትም የለም። «ይሄን ካላስተካከልን ወደቡ ላይ ሻንጣ ታቅፈህ ባሏ መሆንህን ስታስረዳ መርከቡ ይሄዳል» አልኩት። ግሪን ካርዷን ብቻ ሳይሆን ፓስፖርቷንም እንድትይዝ ነገርኳት። ለሀበሻ ደንበኛ ከምመክረው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ምቾት ነው።

ቀጥሎ ወንድሙ መጣ። ማለቴ በወሬ። መርከቡ በመንገዱ ፍሎሪዳ፣ ፖርት ካናቬራል ይቆማል። ወንድሙ ኦርላንዶ ነው የሚኖረው። «ስንመለስ እዚያው ወርደን፣ ሁለት ቀን አድረን፣ በአውሮፕላን ብንመጣስ?» አለኝ።

አይቻልም። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አሳፍሮ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ ማውረድ አይችልም። እነዚህ መርከቦች ደግሞ ቢሯቸው ማያሚ ቢሆንም ባንዲራቸው የውጭ፣ ብዙ ጊዜም የባሃማስ ወይም የፓናማ ነው። የባሃማሷ ናሶ ላይ መቆሙም አያድንም፤ ናሶ ቅርብ ወደብ ናት ተብላ ስለምትቆጠር። ቅጣቱም ዞሮ ዞሮ ተሳፋሪው ላይ ነው የሚያርፈው። ይሄን ሁሉ ሳላይ በቃሌ ነው የተናገርኩት። ባልየው ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ «አየሽ፣ ትችላለች» የሚል ፊት አሳያት። ልቤ አበጠ።

ካበጠ በኋላ መቆም ያቅተኛል። ባልቲሞር ለምን ግዙፎቹ መርከቦች እንደማይመጡባት ነገርኳቸው። መውጫው ላይ ያለው የቤይ ብሪጅ ከፍታ 186 ጫማ ብቻ ነው፤ ከሱ የረዘመ አያልፍም። ለማዕበል ዝቅ ያለ ፎቅና የመርከቡ መሃል እንደሚሻል፣ የአገልጋዮቹ ጉርሻ በቀን በሰው 16 ዶላር ገደማ ተደምሮ እንደሚመጣና መጨረሻ ላይ እንዳይደነግጡ፣ ስልካቸውን ኤርፕሌን ሞድ ላይ እንዲያደርጉ፣ ወደብ ላይ ሲወርዱ ሰዓታቸው በመርከቡ ሰዓት እንዲሆን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መርከብ እንደ ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ቢሉት አይቆምም፣ ብዬ ቀልድም ጨመርኩ። ባልየው ሳቀ። እሷ ፈገግ አለች።

መጠጡ ላይ ትንሽ ተያዝን። ባልየው ያልተገደበ የመጠጥ ፓኬጅ ፈልጓል፣ ለራሱ ብቻ። አብዛኛዎቹ ድርጅቶች ግን አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም ይግዛ ይላሉ። አንዱ ከፍሎ ሁለቱ እንዳይጠጡ ነው። ለሁለት ሰው ለ7 ቀን ሲደመር ከ1,000 ዶላር በላይ መጣ። ወደ እሷ አየሁ። «እኔ እንኳን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «እሺ፣ ይሁን» አለች።

አሁን እዚህ ላይ ልቁም። የቀረው ታሪክ እኔን አያስመሰግንም።

ወሬውን ስንጀምር ማኪያቶ ላዛቸው ብዬ ነበር። እሷ «ለእኔ ጥቁር» ብላለች። አንድ በሉ።

«መነሻው ኦገስት 6 ነው፣ እሁድ» ስላት ዓይኗ ከእኔ ራስ በላይ ሄደ። ከራሴ በላይ ምን አለ? የቤተክርስቲያን ካላንደር፤ በዓሉም ጾሙም በቀይ የተጻፈበት። የሰለቻት መስሎኝ ፈጠን አልኩ። ሁለት በሉ።

ሊወጡ ሲሉ ባልየው መኪናውን ሊያመጣ ቀደመ። እሷ ጠጋ አለችኝ። ድምፅዋን ቀንሳ፣

«አልጋው ይለያያል?» አለችኝ።

የክሩዝ አልጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ጠባብ አልጋ ነው፤ ሲፈለግ ይገጠማል። ይሄን አውቃለሁ። ብዙ ባልና ሚስት ተለያይቶ እንዳይጠብቃቸው ይሰጋሉ። ስለዚህ ክንዷን ያዝ አድርጌ፣ በታላቅ እህት አነጋገር፣

«ኧረ አታስቢ የኔ እህት! አንድ ላይ ነው የሚገጥሙት። እንዲያውም ማስታወሻ አስገባልሻለሁ» አልኳት።

አየችኝ። ያ አስተያየት አሁንም ድረስ ይመጣብኛል። ሰው አማርኛ ተናግሮ በአማርኛ ሳይገባው የቀረን ሰው የሚያየው ዓይነት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች።

እኔም ቃሌን ጠበቅኩ። የጋብቻ በዓል፣ አልጋው አንድ ይሁን፣ ክፍሉ ያሸብርቅ ብዬ አስገባሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደወለች። «እንጀራ ይዤ መግባት እችላለሁ?» አለችኝ። ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም፣ ፋብሪካ ያሸገው ብቻ ነው አልኳት። «ሽሮ አድርጌ በውሃ ማፍያ ብሠራስ?» ማፍያም ካውያም ክልክል ነው፣ እሳት ስለሚፈሩ። «ቆሎስ?» የታሸገ ከሆነ ችግር የለውም። ከዚያ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ኧረ እናንተ! ሰባት ቀን እንጀራ ባትበሉ አትሞቱም፤ ቡፌው ሥጋ በሥጋ ነው።»

ሦስት፣ አራት፣ አምስት በሉ። እኔ ጾም ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱ ያ ሳይሆን አይቀርም። ፍልሰታን ግን እኮ ልጅ ሆነን እንኳ ቆርበንባታል።

የሆነውን ነሐሴ አልቆ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ፣ የእናቷን ቲኬት ልትቆርጥ ስትመጣ ነው የነገረችኝ። እሁድ ማታ፣ ማለትም ቅበላ ላይ፣ ቡፌው ፊት ቆመዋል። ባልየው ሳህኑን ሞልቶ መጥቶ «አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምትበዪው?» አላት። «ነገ ነሐሴ 1 ነው» አለችው። ሹካው አየር ላይ ቀረ። እሷ እንደምትለው ባሏ ጾም መግባቱን የሚያውቀው ከእሷ ሳህን ላይ ሥጋ ሲጠፋ ነው። በ11 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ያቀደውን ነገር ላለማፍረስ ብላ ነው ለአምስት ወር ዝም ያለችው።

ክፍላቸው ሲገቡ በእኔ ማስታወሻ መሠረት አልጋው ተገጥሞ፣ በፎጣ የተሠሩ ሁለት ዳክዬዎች አፍ ለአፍ ተሳስመው ይጠብቋቸዋል።

ጾም የምግብ ብቻ አይደለም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉን አስተናጋጅ ጠርታ በምልክት አስረዳችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ አልጋውን ለየው። ዳክዬዎቹንም አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አስቀመጠላት።

ባልየውም አፍሮ ነው መሰለኝ አብሬሽ እጾማለሁ አለ። መጠጥም ተወ። ፓኬጁ ግን እሁድ ማታ ተጀምሯል፣ ከተጀመረ ደግሞ ተመላሽ የለውም። ስለዚህ ስድስት ቀን ሙሉ በዚያ ሁሉ ዶላር ሎሚ የተጨመረበት ጋዝ ያለው ውሃ ጠጡ። ከአምቦ እስከ አትላንቲክ እንደዚያ ውድ አምቦ ውሃ የጠጣ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም።

ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ የሥራ ባልደረባዬ ጎን ተቀምጦ ይሰማል። ሄዳ ስታበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ ብሆን ወዲያው ይገባኝ ነበር።» መጋቢት ላይ እነሱ ሲመጡ የት እንደነበረ ልንገራችሁ? እዚያው ጎኔ ነበር፣ በሁዳዴ፣ ጥብስ በእጁ ይዞ። ሽታው ደንበኛዋን እንዳይረብሻት ብዬ መስኮት የከፈትኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ያንን መስኮት ስድስት በሉ።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም መጠየቅ ጀመርኩ። ባልና ሚስት ክሩዝ ብለው ሲመጡ፣ ከፓስፖርትም ከምንም በፊት፣ «ቀኑ ጾም ላይ አይውልባችሁም?» እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጴንጤ ነን ብለው ሳቁብኝ። ሁለተኛዎቹ ሙስሊም ናቸው፤ ባልየው «እስቲ ረመዳን የሚገባበትንም ፈልጊልን» ብሎ አላገጠብኝ። ሦስተኛዋ ሴትዮ ኮስተር ብላ «ስለ ጾሜ ንስሐ አባቴ ይጠይቁኝ፤ አንቺ ዋጋውን ንገሪኝ» አለችኝ። እሷን መጠየቅ ተውኩ፤ ሌሎቹን ግን አሁንም እጠይቃለሁ።

በዓመቱ የካቲት ላይ ያቺው ሴት መጣች። ባሏ ከኋላዋ፣ አቃፊውን አልያዘም። ዘንድሮስ ጥንቃቄ አደርጋለሁ ብዬ ካላንደሩን ከግድግዳው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጁን ጥሩ ነው፣ ሴፕቴምበርም ዋጋው ረከስ ይላል፣ እንዲያው የአውሎ ነፋስ ወቅት ቢሆንም፣ አልኳት።

«ኧረ አይ» አለች። «ያኛው ሳምንት ይሁን።»

«ፍልሰታን?»

«ፍልሰታን።»

ከዚያ ነገረችኝ። እራት የሚያቀርብላቸው አስተናጋጅ ህንዳዊ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሥጋም ወተትም ቅቤም እንደማትበላ ስትነግረው አላስጨረሳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ምስር ከነሩዙ፣ ሽምብራ፣ ድንች በእርድ። «ቅቤ የለውም?» ስትለው «እናቴም ሁልጊዜ ትጠይቃለች» ይላታል። ቤት ስትሆን ፍልሰታ ማለት ለልጆቹ ሌላ፣ ለባሏ ሌላ፣ ለራሷ ሌላ መሥራት ነው። ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ቤተክርስቲያን፣ ከዚያ ዕቃ ማጠብ። ቅዳሴው ቀርቶባታል፣ ያ ቆጭቷታል። ግን እስከ 9 ሰዓት ባሕሩን እያየች ዳዊቷን ስትደግም፣ ከዚያ ሰው ያበሰለላትን የጾም ምግብ ቁጭ ብላ ስትበላ፣ እንደዚያ ጾማ አታውቅም።

ባልየው ከኋላ ሆኖ በዝምታ ጣሪያ ያያል።

«መጠጡስ?» አልኩት።

«ተዪው፣ ተዪው» አለ።

ስም ከፓስፖርት ጋር አመሳከርኩ። ቦታ ያዝኩ። ልዩ ጥያቄ የሚለው ሣጥን ላይ ስደርስ ጣቴ ሳላስበው መተየብ ጀመረ። ሴትዮዋ ጠረጴዛውን ተሻግራ እጄን ያዘችኝ።

«አልጋውን እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። «አንቺ ምንም እንዳትጽፊ።»